ፐብሜድ፣ ኮክሬን ላይብረሪና ሂናሪ፦ በሕፃናት ክፍል ጥያቄ የተፈተኑ ሦስት አገልግሎቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ዱቲ (ተረኛ) ላይ ሳለሁ፣ አንዲት እናት ትኩሳት የጠናባትን የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ ገባች። የልጅቷ እጅና እግር ቀዝቅዟል፤ ጥፍሯን ተጭነን ስንለቀው ቀለሙ ቶሎ አይመለስም፤ የደም ግፊቷ ግን አልወረደም ነበር። ተማሪ ሳለን የተማርነው፣ እንዲህ ላለች ልጅ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ሒሳብ በቦለስ፣ ማለትም በአጭር ጊዜ ውስጥ በደም ሥር፣ መስጠት እንደሚገባ ነው። ሲስተር መስመሩን ከፍታ ትእዛዜን ስትጠብቅ እኔ አመነታሁ፤ ይህን የሚከለክል በአፍሪካ የተሠራ ጥናት እንዳለ በጆሮዬ አልፏል፣ ከማን እንደሰማሁት ግን አላስታውስም። ከሬዚደንቱ ጋር ተማክረን ቦለሱን ትተን ሜንቴናንስ፣ ማለትም በዝግታ የሚሰጥ፣ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ጀመርንላት። በማግስቱ በሞርኒንግ፣ በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ፣ ጉዳዩን ሳቀርብ ሲኒየራችን ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «የሰማኸውን ተወውና ወረቀቱን አምጣልኝ» አሉኝ። ልጅቷ ተሽሏት ወጥታለች፤ የአንዲት ልጅ መዳን ግን ውሳኔያችን ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ያን ወረቀት ለማግኘት የተጠቀምኩባቸውና እስከ ዛሬ በየሳምንቱ የምከፍታቸው አገልግሎቶች ሦስት ናቸው፤ ፐብሜድ፣ ኮክሬን ላይብረሪና ሂናሪ። ሦስቱም በኢትዮጵያ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ያለ ክፍያ የተከፈቱ ናቸው፤ ነገር ግን ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ብዙ ባልደረቦቼን ሲያደክም አይቻለሁ። ፐብሜድ ጥናቱ መኖሩን ይነግራል፤ ሂናሪ የተቆለፈውን ጽሑፍ ይከፍታል፤ ኮክሬን ደግሞ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦና መዝኖ ያቀርባል። ጥናቱ ፊቴ ላለው ሕመምተኛ ይሠራል ወይ ለሚለው ግን ከሦስቱ አንዱም ስለ አንባቢው ሆኖ አይመልስም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፐብሜድን የሚያስተዳድረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ቤተዝዳ የሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህ ቤተ መጻሕፍት የሕክምና ጽሑፎችን በርእስና በጸሐፊ እየለየ መመዝገብ የጀመረው በ1879 ሲሆን፣ መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተርም ወደ ድረ ገጽ ተሸጋግሮ በ1997 ለማንኛውም ሰው በነፃ ተከፈተ። ዛሬ ከ37 ሚሊዮን በላይ የጽሑፍ መዛግብት ይዟል። ገጹ ቀላል ነው፤ ማስታወቂያ የለበትም፤ ምዝገባ አይጠይቅም፤ በደካማ ኔትወርክ በስልክ እንኳ ይከፈታል። በዱቲ ሌሊት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፍለጋው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ሳይጠራ ስለሚጀመር ነው። እኔም በመጀመሪያ «ሴፕሲስ በሕፃናት» የሚለውን (ሴፕሲስ ኢንፌክሽን የአካል ክፍሎችን ሥራ ሲያውክ ነው) በእንግሊዝኛ ጽፌ ማንበብ የማልጨርሰው ዝርዝር ፊቴ ተዘረገፈ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን በአራት ከፍዬ በወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ሕመምተኛው ማን ነው፣ የሚሰጠው ሕክምና ምንድን ነው፣ ከምን ጋር ይነጻጸራል፣ የምፈልገው ውጤት ምንድን ነው? ሕመምተኛዋ ከባድ ኢንፌክሽን ያለባት የአፍሪካ ሕፃን ናት፤ ሕክምናው ቦለስ ነው፤ ንጽጽሩ ቦለስ አለመስጠት ነው፤ ውጤቱ ሞት ነው። ከእነዚህ ውስጥ «ፍሉይድ ቦለስ»፣ «ችልድረን» እና «አፍሪካ» የሚሉትን ብቻ ሳስገባ የምፈልገው ጥናት ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ወጣልኝ። ሌላውን ቃል ሁሉ መጨመር አላስፈለገም፤ እንዲያውም ውጤትን የሚገልጹ ቃላት ሲበዙ ተገቢ ጽሑፎች ይቀራሉ፤ ጸሐፊው ያንኑ ቃል በአጭር መግለጫው ላይ ላይጠቀም ይችላልና።

ፐብሜድ ከተራ የኢንተርኔት መፈለጊያ የሚለይበት ዋናው ነገር ሜሽ የተባለው የቃላት ሥርዓት ነው። ሠልጥነው የተመደቡ ሰዎች የጀመሩት፣ አሁን በአብዛኛው በኮምፒውተር የሚሠራ አመዳደብ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ከተወሰነ የቃላት መዝገብ ርእሶችን ይሰጠዋል፤ በዚህም ምክንያት አንድ ሰው «ሃርት አታክ»፣ ማለትም ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ብሎ በዕለታዊ እንግሊዝኛ ቢጽፍ ሥርዓቱ የሕክምናውን ስያሜ ራሱ ጨምሮ ይፈልግለታል። የዚህን ጥቅም በደንብ የተረዳሁት በጫት ላይ የተጻፉ ጥናቶችን ስሰበስብ ነው። የኛ ጸሐፊዎች ስሙን አንዳንዴ «ካት»፣ አንዳንዴ «ቻት» ብለው ያሰፍሩታል፤ የመናውያን ደግሞ «ቃት» ይሉታል። በሜሽ ግን ተክሉ ካታ በሚል በላቲን ስሙ ተመዝግቧል። ይህን ርእስ ከሦስቱ አጻጻፎች ጋር «ኦር» በሚለው ቃል፣ በትላልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፌ ሳገናኛቸው፣ ቀድሞ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ስፈልግ ያመለጡኝን ጥናቶች አገኘሁ። በፐብሜድ ላሉ ጽሑፎች ሁሉ የሜሽ ርእስ ስለማይሰጣቸው በርእሱ ብቻ መፈለግም አይበቃም፤ ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው።

ለኢትዮጵያውያን የሚያስቸግረው አንዱ ጉዳይ የጸሐፊ ስም ነው። ፐብሜድ ጸሐፊን የሚመዘግበው በመጨረሻ ስሙና በፊደል ምሕፃረ ቃል ነው። የቤተሰብ ስም ለሌለን ለእኛ የአባት ወይም የአያት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገባል፤ ስለዚህ «ታደሰ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ፈጽሞ የማይተዋወቁ የብዙ ሰዎችን ሥራ በአንድ ዝርዝር ያገኛል፤ ያው አንድ ሰው ደግሞ በአንዱ ጽሑፍ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም ሊገባ ይችላል። የምርምር ባልደረቦቼ ኦርኪድ የተባለውን የጸሐፊ መለያ ቁጥር ከመጀመሪያ ጽሑፋቸው ጀምረው ቢይዙ ከዚህ ይድናሉ።

ከሁሉ በላይ ሳልሸፋፍን የምናገረው የፐብሜድ ድክመት፣ ሰዎች ያልሆነውን ነው ብለው ማመናቸው ነው። «ፐብሜድ ላይ አለ» የሚለው አባባል በየክፍሉ እንደ ማረጋገጫ ማኅተም ይነገራል። ፐብሜድ ግን መዝገብ እንጂ ዳኛ አይደለም። በውስጡ ሜድላይን የተባለው ክፍል መጽሔቶቹን መርጦ የሚያስገባ ሲሆን፣ ከዚህ ውጪ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ ጥናቱን የደገፈው ተቋም ጽሑፉ በነፃ ማኅደር እንዲቀመጥ ስላዘዘ ብቻ፣ የሚገቡ ጽሑፎችም አሉ። ገንዘብ ተቀብለው ሳይመረምሩ የሚያትሙ መጽሔቶች ሥራ በዚህ በር መግባቱ አልቀረም። ምርጥ በሆኑት መጽሔቶች የወጣውም ቢሆን ሊወድቅ ይችላል፤ በ2020 ግንቦት 22 ቀን በላንሴት የታተመው፣ ከ671 ሆስፒታሎች የ96,032 የኮቪድ ሕመምተኞችን መረጃ ይዟል የተባለው የሃይድሮክሲክሎሮኪን መድኃኒት ጥናት፣ መረጃው ሊረጋገጥ ባለመቻሉ በሰኔ 4 ቀን ተሰርዟል። ፐብሜድ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከላይ በጉልህ ምልክት «ተሰርዟል» ብሎ ያሳያል፤ ይህ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ጽሑፉን በቴሌግራም በፒዲኤፍ ያወረደ ሰው ምልክቱን አያየውም፤ ስለዚህ የተላከልኝን ማንኛውንም ወረቀት ከመጥቀሴ በፊት በፐብሜድ ላይ እንደገና አገኘዋለሁ።

ሲኒየራችን የጠየቁኝ ወረቀት ፊስት የተባለው ሙከራ ነበር፤ በ2011 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ነው። አጭር መግለጫውን አትሜ በመሄዴ ራሴን እንደ ጨዋ ተማሪ ቆጥሬ ነበር፤ እሳቸው ግን ዘዴውን የሚገልጸውን ክፍል ጠየቁኝ። አብረን ተቀምጠን አነበብነው። በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በሚገኙ ስድስት ሆስፒታሎች፣ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) በሌለበት፣ ከባድ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ያለባቸው 3,141 ሕፃናት በዕጣ ለሦስት ተመደቡ፤ አንዱ ክፍል አልቡሚን የተባለ የደም ፕሮቲን ያለበትን ፈሳሽ በቦለስ፣ አንዱ ሳላይን በቦለስ፣ አንዱ ያለ ቦለስ። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት በቅደም ተከተል 10.6 በመቶ፣ 10.5 በመቶና 7.3 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ቦለስ ከተሰጣቸው መቶ ሕፃናት ውስጥ ሳይሰጣቸው ቢቀር ይተርፉ የነበሩ ሦስት ያህል ሞተዋል ማለት ነው። ሙከራው 3,600 ሕፃናትን ለማካተት ታቅዶ ገለልተኛው የደኅንነት ኮሚቴ እንዲቆም መከረ።

እሳቸው ወረቀቱን እንዳንቀበለውም እንዳንጥለውም አድርገው በጥያቄ አዋከቡኝ። የሚሰጡት ሐኪሞች ማን ቦለስ እንዳገኘ ያውቁ ነበር፤ ይህ ውጤቱን ያዛባዋል? መለኪያው ሕመም ወይም ስሜት ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ያዛባው ነበር፤ ሞትን ግን የተመልካች አስተያየት ብዙ አይለውጠውም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ወባ ነበረባቸው፤ ወባ በሌለበት ደጋ ላይ ለሚሠራ ሐኪም ውጤቱ ይሠራል? ጸሐፊዎቹ በየንዑስ ክፍሉ አይተው አዝማሚያው ተመሳሳይ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያ ጣታቸውን ማንም በማያነበው አንድ አረፍተ ነገር ላይ አሳረፉ፤ ተቅማጥና ትውከት ያለባቸው እንዲሁም በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ከጥናቱ ተገልለዋል። «ይህን ሳታይ ብትሄድ ነገ በተቅማጥ ደርቃ የመጣችን ልጅ ፕላን ሲ ትከለክላት ነበር» አሉኝ፤ ፕላን ሲ ለከባድ ድርቀት በደም ሥር በፍጥነት የሚሰጠው ፈሳሽ ነው። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ይህ በልቤ ቀርቷል፤ ማን እንደተካተተ ብቻ ሳይሆን ማን እንደተገለለ ማንበብ ሕይወት ነው።

ከዚያ ወዲህ የወጣው የሕፃናት ሴፕሲስ ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ የ2020ው፣ ይህንኑ ልዩነት በግልጽ አስቀምጦታል። አይሲዩ በሌለበትና የደም ግፊት ባልወረደበት ሁኔታ ቦለስ እንዳይሰጥ አጥብቆ ይመክራል፤ ግፊቱ ከወረደ ግን በመጀመሪያው ሰዓት እስከ 40 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ እየተከፋፈለና ሕፃኑ እየታየ፣ እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀርባል። አይሲዩ ባለበት ደግሞ እስከ 60 ሊደርስ ይችላል።

ኮክሬን ላይብረሪ በዚህ ረገድ ለደከመ ሰው እረፍት ነው። ድርጅቱ በ1993 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ሲመሠረት ስሙን የወሰደው፣ ሐኪሞች የሚሰጡት ሕክምና በትክክል መጥቀም አለመጥቀሙ እንዲፈተሽ ዕድሜውን ሙሉ ከሞገተው ከአርቺ ኮክሬን ነው። አርማው ራሱ ታሪክ አለው፤ በክቡ ውስጥ ያሉት አግድም መስመሮች፣ ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለደረሱ እናቶች የፅንሱን ሳንባ እንዲያጎለብት ስለሚሰጥ ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት የተሠሩ ሙከራዎች ውጤት ናቸው። የመጀመሪያው ሙከራ በ1972 ከኒውዚላንድ ወጥቶ እያለ፣ ሙከራዎቹን አንድ ላይ ደምሮ ያሳየ ሰው እስኪገኝ ድረስ አብዛኞቹ የማዋለጃ ክፍሎች መድኃኒቱን ሳይጠቀሙ ዓመታት አልፈዋል። የዚህ ርእስ የኮክሬን ዳሰሳ በ2020 ሲታደስ በ20 አገሮች የተካሄዱ 27 ሙከራዎችንና 11,272 እናቶችን አካቷል።

በኮክሬን ዳሰሳ ውስጥ እኔ መጀመሪያ የማየው የውጤት ማጠቃለያ ሠንጠረዡን ነው። ለእያንዳንዱ ውጤት የማስረጃው አስተማማኝነት ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ወይም በጣም ዝቅተኛ ተብሎ ተጽፏል፤ የተቀነሰበትም ምክንያት ከሥር በማስታወሻ ይገኛል። «ይጠቅማል» በሚልና «ምናልባት ሊጠቅም ይችላል» በሚል መካከል ያለው ርቀት የሚታየው እዚያ ነው።

ይሁን እንጂ ኮክሬንም ብቻውን አይበቃም፤ ይህንኑ ስቴሮይድ እንመልከት። በ2015 በላንሴት የታተመው አክት የተባለ ሙከራ፣ በስድስት አገሮች፣ ኬንያና ዛምቢያም ካሉበት፣ መድኃኒቱን እስከ ጤና ጣቢያና እስከ ቤት ድረስ ለማስፋፋት ሞክሮ ነበር። በጠቅላላው ከተወለዱት ሕፃናት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በተስፋፋበት አካባቢ ከሺህ 27.4፣ ባልተስፋፋበት 23.9 ሆኑ፤ ጠቃሚ የተባለው መድኃኒት ጎጂ መሰለ። በ2020 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በ29 ሆስፒታሎች 2,852 እናቶችን ያካተተ ሙከራ አካሂዶ፣ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ከተሰጣቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ሞት 19.6 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 23.5 በመቶ መሆኑን አገኘ። ሁለቱ አይጋጩም፤ በሁለተኛው የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተለክቷል፤ ቦታውም አዲስ የተወለደን ሕፃን መንከባከብ የሚችል ሆስፒታል ነበር። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራ አዋላጅ ነርስ ዳሰሳውን አንብቦ «ይጠቅማል» የሚለውን ብቻ ቢወስድ፣ የእርግዝናዋ ሳምንታት ቁጥር ባልተረጋገጠላት እናት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለዚህ ነው የኮክሬንን ድምር ሳነብ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ እያንዳንዱ ሙከራ የት እንደተሠራ የምመለከተው። በቀላል ቋንቋ የሚያወጣቸው ማጠቃለያዎች ወደ በርካታ ቋንቋዎች ይተረጎማሉ፤ በአማርኛም ቢሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ከማንም በላይ ይጠቀሙበት ነበር።

ሂናሪን በተመለከተ የምናገረው አጭር ነው፤ ምክንያቱም ሲሠራ በዝምታ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ትላልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በ2002 ጥር በ1,500 ያህል መጽሔቶች ጀመረው፤ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው የጋራ መርሐ ግብር ሥር ሆኖ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችንና መጻሕፍትን ይሰጣል። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች መደብ ውስጥ ናት። በር ላይ ሠላሳና አርባ ዶላር የሚጠይቅ ጽሑፍ በሂናሪ በኩል ሲከፈት ማየት አሁንም ያስደስተኛል። አንድ ነገር ግን ብዙዎች አያውቁም፤ የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው፤ የይለፍ ቃሉም በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ይያዛል። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ባለሙያ ሲለቅ ለማንም ሳያስረክብ በመሄዱ፣ ለወራት የተከፈተው በር ለእኛ ተዘግቶ ቆየ። ጥፋቱ የአገልግሎቱ አልነበረም። ሌላው ጥንቃቄ፣ በፐብሜድ ላይ «ነፃ ሙሉ ጽሑፍ» የሚለውን ማጣሪያ አስቀድሞ አለመጫን ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ሂናሪ ሊከፍትለት የሚችለውን ሁሉ ገና ሳያየው ያጣል። መጀመሪያ በሂናሪ ገጽ ገብቶ ከዚያ ወደ ፐብሜድ ማለፍ ይሻላል።

የአገር ውስጥ ጥናት ለሚፈልግ ሦስቱም ጎዶሎ ናቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል በፐብሜድ ይገኛል፤ ሌሎች ብዙዎች ግን በ1998 ተጀምሮ አሁን ከደቡብ አፍሪካ ሆኖ የአፍሪካ መጽሔቶችን በሚያቀርበው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ነው የሚገኙት። በዚያው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ጄቢአይ ከተባለው የአውስትራሊያ የጤና ማስረጃ ተቋም ጋር የሚሠራ የማስረጃ ማእከል አለ፤ ጥናት መመዘንን በሥርዓት መማር የሚፈልግ ሰው ከእነርሱ ቢጀምር መልካም ነው።

በቅርቡ አንድ ኢንተርን ለሞርኒንግ ከአንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ያወጣውን መልስ አምስት ዋቢዎች ጨምሮ አቀረበ። ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ በፐብሜድ ስናጣራ ከአምስቱ ሁለቱ ፈጽሞ የሉም፤ መጽሔቱ እውነት፣ ጸሐፊዎቹ እውነት፣ ጽሑፉ ግን የተፈጠረ። ልጁን አልገሠጽኩትም፤ እኔም «በጆሮዬ አልፏል» ብዬ የቀረብኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዱቲ ክፍላችን አንድ ተራ ደብተር አስቀምጠናል፤ በሌሊት የተነሣው ጥያቄ፣ የተገኘው ጥናት የፐብሜድ መለያ ቁጥር፣ ከጥናቱ እነማን እንደተገለሉ፣ እና እኛ የወሰንነው ይጻፍበታል። መለያ ቁጥር የሌለው ሐሳብ በሞርኒንግ አይቀርብም። ትናንት ማታ የተጻፈው የመጨረሻው ጥያቄ የሲስተር ነው፤ መልሱ ገና ባዶ ነው።